ስለ ማሸነፍና ስለ መብለጥ፤ የእንግሊዝኛ ግሦች በሐርጌሳና በኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች

በሐርጌሳ ከተማ ውስጥ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር አለ። «ያር» በሶማልኛ ትንሽ ማለት ስለ ሆነ የሰፈሩ ስም ሲተረጐም ትንሿ ጅግጅጋ ማለት ነው። ትልቂቱ ጅግጅጋ ከወሰኑ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር ትገኛለች፤ ከአንደኛዋ ወደ ሁለተኛዋ የሚሄድ መንገደኛም የድንበሩን ከተማ ቶጎ ውጫሌን አልፎ ይሄዳል። ሐርጌሳ ራሷ የተቈረቈረችው በበጋ ደርቆ በዝናም ጊዜ ብቻ በሚፈስ ወንዝ ግራና ቀኝ ነው። እንዲህ ባለ አገር ውሃ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ስለ ሆነ፣ ከአንድ ጕድጓድ የሚቀዱ ጎረቤቶች ወዳጆችም ባላንጣዎችም ይሆናሉ። እንግሊዞች ተፎካካሪን «ራይቨል» ይሉታል፤ ቃሉን ያገኙት ከላቲን ነው፤ የላቲኑም ሥር ወራጅ ውሃ ማለት ነው። በጥንት ሮማውያን ዘንድ ከአንድ ወራጅ ውሃ የሚጠቀሙ ባለርስቶች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ይህን የቃሉን ታሪክ የሐርጌሳ ወይም የጅግጅጋ ተማሪ ቢሰማ ከለንደን ተማሪ ፈጥኖ ሳይገባው አይቀርም።

ተፎካካሪ ካለ ማሸነፍና መሸነፍ፣ መብለጥና መበለጥ አለ። ይህን ነገር በእንግሊዝኛ አስተካክሎ መጻፍ ግን በሁለቱም ወገን ተማሪዎችን ብዙ ዘመን ያስቸገረ፣ የመምህራኑንም ቀይ ቀለም ያስጨረሰ ጉዳይ ነው። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው በልጁ ስንፍና ነው። የነገሩ ታሪክ ሲመረመር ግን ጥፋቱ በልጁ ላይ ሳይሆን ቋንቋዎቹ በተገናኙበት መንገድ ላይ ይገኛል።

እንግሊዝኛ ራሱ በዚህ በአፍሪካ ቀንድ ባላንጣዎቹን አሸንፎ የገባ ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘመናዊ ተማሪ ቤት ሲከፍቱ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ሲያቋቁሙ፣ በውጭ ቋንቋዎች መካከል ትልቁን ስፍራ ይዞ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ የያዘው ቋንቋ እርሱ ነው፤ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገውም ጽሕፈት በአብዛኛው በእርሱ ይከናወን ነበር። ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነች በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከነጻነቱ ጦር ጋር የገቡት እንግሊዞች መጻሕፍቱንም፣ ፈተናውንም፣ ከመምህራኑም ብዙዎችን ስላቀረቡ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በዚሁ ቋንቋ አስተማረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሲሰጥ እንኳ የሁለተኛውን ደረጃ ከእንግሊዝኛ አልወሰደበትም።

በሐርጌሳ በኩል ያለው ታሪክ በመልኩ የተለየ ቢሆንም በፍጻሜው ይመሳሰላል። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ተብሎ በተጠራው አገር ሕዝቡ ልጆቹን ለቁርአን ተማሪ ቤት እንጂ ለመንግሥት ተማሪ ቤት መስጠቱን ረጅም ጊዜ ተጠራጥሮት ነበር፤ ሚሲዮናውያን ሃይማኖታቸውን ያስለውጣሉ የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ነው። ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ከደከሙት ሰዎች መካከል በሱዳን የተማረው ማሕሙድ አሕመድ ዓሊ ዋናው ሲሆን፣ ሶማሌዎች የትምህርት አባት ብለው ያስታውሱታል። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች አገሩን ከኢጣልያ መልሰው ሲይዙ የአስተዳደሩን መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ አዛወሩት። በትንንሾቹ ክፍሎች ትምህርቱ በዓረብኛ ይሰጥ ነበር፤ ከፍ እያለ ሲሄድ እንግሊዝኛ ይተካዋል። ጅግጅጋም ብትሆን በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1948 ድረስ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ስለ ቈየች፣ ሁለቱ ጅግጅጋዎች የመንግሥት ወረቀታቸው በአንድ ቋንቋ የተጻፈበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ይህ ቋንቋ ወደ ባዶ ቤት አልገባም። አማርኛ ለመብለጥና ለማሸነፍ የሚሆኑ ግሦች ሞልተውታል። በችሎት የተከራከረ ይረታል፤ በትግል የገጠመ ይጥላል፤ በሩጫ የተሻለ ይቀድማል፤ በዕውቀት የተሻለ ይልቃል፤ በመጠን የተሻለ ይበልጣል፤ ሌላውን ሁሉ ከዐይን የሚሰውር ያስከነዳል፤ በጦር ሜዳ የቀናው ድል ይነሣል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን «አሸነፈ» የሚለው ሰፊ ነው። ጠላቱን አሸነፈ፣ ጦርነቱን አሸነፈ፣ ውድድሩን አሸነፈ፣ ተወዳዳሪውን አሸነፈ ቢባል ሁሉም ያስኬዳል፤ ሰሚውም የቱ ሰው፣ የቱ ነገር እንደ ሆነ ያለ ችግር ይለያል። «በለጠ» የሚለውም ቢሆን እንዲሁ ሰፊ ነው፤ «ከ» የምትለዋን መስተዋድድ ይዞ ማናቸውንም ማወዳደር ይፈጽማል። በዕድሜ ከእርሱ ይበልጣል፣ በሀብት ከእርሱ ይበልጣል፣ ይህ ከዚያ ይበልጣል።

ሶማልኛም በዚህ ረገድ ከአማርኛ ጋር የሥጋ ዘመድ መሆኑን አይደብቅም። ሶማልኛ «ካ» የምትል እንደ አማርኛው «ከ» ያለች ቃል አለችው፤ በጨዋታ የረታውን «ካ ባዲየይ» ይለዋል፤ ቃል በቃል ከእርሱ አበዛ እንደ ማለት ነው። በኀይል ያሸነፈውን «ካ አድካደይ» ይለዋል፤ ይኸውም ከእርሱ ጠነከረ ማለት ነው። ያለ ተሸናፊ ስም ድል አገኘ ለማለት ሲፈልግ ደግሞ «ጉለይስተይ» የሚል ሌላ ግሥ አለው። ስለዚህ ለሐርጌሳውም ለአዲስ አበባውም ልጅ ማሸነፍ ከባላንጣው በልጦ መገኘት ነው፤ «ከ» የምትለዋም መስተዋድድ የአሳቡ ማጠንጠኛ ናት። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ይህችን መስተዋድድ ይዟት መሄዱ የሚያስነውር አይደለም። ሰው ወደ እንግዳ አገር ሲሄድ የቤቱን ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

እንግሊዝኛ ግን በዚህ ቦታ ላይ ጠንካራ በረኛ አለው። ከግሡ በኋላ የሚመጣው ተሳቢ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሽልማቱ ነው? ወይስ ባላንጣው? ወይስ መጠኑ? «ዊን» የሚለው ግሥ ሽልማቱን ወይም ውድድሩን እንጂ ባላንጣውን አይቀበልም። ጦርነት፣ ሩጫ፣ ዋንጫ፣ ነጻነት፣ የሰው ልብ የዚህ ግሥ ተሳቢዎች ናቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ የዚህ ቃል ትርጓሜ መታገልና መድከም ነበር፤ በኋላ በድካም የተገኘውን ነገር ማግኘት ወደ ማለት ተዛወረ። ባላንጣውን የሚቀበሉት «ቢት» እና «ዲፊት» ናቸው። የፊተኛው መነሻው መምታት ነው፤ ሁለተኛው ከፈረንሳይ የመጣ ሲሆን የተሠራውን ማፍረስ ማለት ነበር። የሚመታም የሚፈርስም ሰው ወይም ሠራዊት እንጂ ዋንጫ አለመሆኑን ያስተዋለ ተማሪ ሁለቱን ግሦች ዳግመኛ አያምታታቸውም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨመረው ሰዓት 4 ለ2 አሸነፈች። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ግብ ያገባበት፣ አምበሉ ሉችያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለበት ያ ቀን ለእንግሊዝኛ ትምህርት የሚመች ምሳሌ ነው። አንድ ተማሪ የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ተከትሎ ኢትዮጵያ ግብፅን «ወን» ብሎ ቢጽፍ፣ የእንግሊዝ አንባቢ የሚረዳው ግብፅ የምትባል አገር ለኢትዮጵያ በሽልማት ተሰጠች ብሎ ነው። ዋንጫውን «ወን»፣ ግብፅን «ቢት» ማለት ነበረበት። ለማስተማሪያ የሚረዳው አማርኛ ራሱ ነው፤ «ተቀዳጀ» የሚል ግሥ አለውና። ድልን ተቀዳጀ፣ ዋንጫን ተቀዳጀ ይባላል፤ ግብፅን ተቀዳጀ የሚል አማርኛ ግን የለም። «ዊን» የሚለውን በ«አሸነፈ» ከመተርጐም ይልቅ በ«ተቀዳጀ» ወይም በ«አገኘ» ቢተረጕሙት የስሕተቱ ግማሽ ገና ሳይወለድ ይሞት ነበር።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። «ዊን ኦቨር» የሚለው ጥምር ሰውን አግባብቶ ወደ ራስ ወገን ማምጣት ማለት ነው። እንግሊዝኛ «ድል በእከሌ ላይ» ለማለት በስሙ በኩል «ቪክተሪ ኦቨር» ስለሚል፣ ተማሪው ይህንኑ ወደ ግሡ ቢያዛውረው፣ ዳግማዊ ምኒልክ የኢጣልያን ጦር በዐድዋ አግባብተው ወዳጅ አደረጉት የሚል ታሪክ ይጽፋል። «ዲፊት» የሚለውም በስምነቱ ሲገባ ሌላ አደጋ ያመጣል። በአማርኛ ድል የአሸናፊው፣ ሽንፈት የተሸናፊው መሆኑ የታወቀ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የኢትዮጵያ «ዲፊት» በዐድዋ ብሎ ያቆመ ሰው ኢትዮጵያ ተሸነፈች ብሎ መጻፉ ነው። «ኦፍ» የምትለዋን ጨምሮ ኢጣልያን ካላስከተለ በስተቀር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ሁሉ በአንዲት መስተዋድድ ጕድለት ተገልብጦ ይነበባል። የዐድዋን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ለውጭ አንባቢ ስለሚጽፍ፣ ይህ ጥቃቅን የሰዋስው ጨዋታ አይደለም።

ኢትዮጵያውያን የአንድን ግሥ ክብደት በብዙ ደም ዐውቀውታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል (ይህ የወሎው ውጫሌ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የድንበር ከተማ ሌላ ነው) በዐሥራ ሰባተኛው ክፍል ላይ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መረዳት ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ልዩነት አገርን በሞግዚትነት ለመያዝ የሚበቃ ነበር።

ሐርጌሳም የራሷን እንዲህ ያለ ነገር አይታለች፤ በዚያ የተለያየው ግን አንድ ግሥ ሳይሆን ሙሉው ሕግ ነው። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻነቱን ካገኘ በኋላ የሐርጌሳው ምክር ቤት ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር የሚያዋሕደውን ሕግ በማግስቱ አወጣ፤ የተረቀቀውም በእንግሊዝኛ ነበር። በኢጣልያንኛ የሚሠራው የሞቃዲሾ ምክር ቤት ደግሞ የተለየ ጽሑፍ በመሠረተ ሐሳቡ ተቀበለ። ሁለቱ አገሮች ሰኔ 24 ቀን ሲዋሐዱ ሁለቱም ወገን የተስማማበት አንድ የሕግ ጽሑፍ አልነበረም፤ በጥር 1953 ዓ.ም. ወደ ኋላ የሚሠራ አዲስ ሕግ ማውጣት አስፈለገ። ባንዲት አገር ውስጥ የእንግሊዝኛና የኢጣልያንኛ ባለሙያዎች ተፎካክረው እስከ ብዙ ዓመት ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ሶማልኛ በይፋ የታወቀ ፊደል ስላልነበረው ነው፤ በላቲን ፊደል መጻፉ የታወጀው በ1965 ዓ.ም. ነበር።

ወደ ግሦቹ ለመመለስ፣ «መብለጥ» ከ«ማሸነፍ» ይልቅ ረቂቅ ነው። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰኮንድ ፈጸመ። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን ዐብደሰላም በ25.4 ሰኮንድ ዘግይቶ ገባ። ከዚያ በፊት የዓለም ምርጥ ሰዓት ተብሎ የተያዘው የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 በስቶክሆልም የሮጠው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ነበር፤ አበበ የሻለው አንድ ሰኮንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ፣ በ0.8 ሰኮንድ ነው። በአማርኛ አበበ የፖፖቭን ሰዓት በለጠው ቢባል ሁሉም ያጨበጭባል። ተማሪው ከመዝገበ ቃላት «ኤክሲድ» የሚለውን አውጥቶ ቢጽፈው ግን አበበ ከፖፖቭ የበለጠ ጊዜ ፈጀበት ማለቱ ነው፤ ጀግናው ሁለተኛ ሆኖ ያርፋል። «ኤክሲድ» ከላቲን ሲመጣ ከወሰን መውጣት ማለት ስለ ነበረ ከመጠን፣ ከገደብ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ማለፍን ይናገራል፤ ቍጥሩ ሲጨምር እንጂ ሲያንስ አያገለግልም። ለአበበ የሚገባው «ሰርፓስ» ነው፤ በላይ ማለፍ ማለት ስለ ሆነ ሰውንም፣ ሥራንም፣ የሰውን ግምትም፣ ራስንም ይቀበላል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰኮንድ ሲገባ ተከታዩን እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊን ከአራት ደቂቃ በላይ አስከትሎት ነበር። በዚያን ቀን «ቢት» የተደረገው ሂትሊ ነው፤ «ሰርፓስ» የተደረገው የሮማው አበበ ነው።

«ኤክሴል» የሚለው ደግሞ ብቻውን መቆም የሚወድ ኩሩ ግሥ ነው። በአንድ ነገር ላቀ ለማለት ይሆናል፤ ከማን ላቀ የሚለውን መናገር አይፈልግም። አማርኛ ከጓደኞቹ ላቀ ማለትን ስለሚፈቅድ ተማሪው «ከ» የምትለዋን በእንግሊዝኛ ሊተክልበት ይሞክራል፤ ቦታ ግን አያገኝላትም።

«አውት» የምትለዋ ቅጥያ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ብትሆንም የምታስደስት ናት። በግሥ ፊት ስትቀመጥ ሮጦ መቅደምን፣ በዕድሜ መብለጥን፣ አብርቶ ማስከንዳትን በአንድ ቃል ታጠቃልላለች፤ ባላንጣውም ያለ አንዳች መስተዋድድ ይከተላታል። ሼክስፒር በሐምሌት ተውኔቱ ሕፃናትን ባስፈጀው በሄሮድስ ስም ላይ እንኳ ቀጥሏት ግሥ አድርጓታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያን ተውኔት ወደ አማርኛ ሲመልስ እንዲህ ባለው ስፍራ ምን ያህል እንደ ተፈተነ የሚገምት የትርጕምን ሥራ የሞከረ ሰው ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ «ቤስት» ማለት ከሁሉ የተሻለ፣ «ወርስት» ማለት ከሁሉ የከፋ መሆኑን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። ሁለቱ ወደ ግሥነት ሲለወጡ ግን ሁለቱም ባላንጣን ማሸነፍ ማለት ይሆናሉ። የገዛ ቋንቋው እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚጫወትበት እንግሊዛዊ በሌላው ስሕተት ላይ ብዙ መሳቅ አይገባውም ነበር።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ የተገኘው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ባልሆነበት አገር ነው። አልበርት ሆርንቢ የተባለ እንግሊዛዊ መምህር በጃፓን ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር ተማሪዎቹ የቃሉን ትርጓሜ ዐውቀው አገባቡን እንደሚስቱ አስተዋለ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከእያንዳንዱ ግሥ በኋላ ምን ዓይነት ተሳቢ እንደሚመጣ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1942 በቶኪዮ ታትሞ በ1948 የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት እንደ ገና አሳተመው። በኢትዮጵያ በኩልም በዚሁ አቈጣጠር በ1973 ሁለት ጠቃሚ ሥራዎች ወጡ፤ አንዱ አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ሁለተኛው የቮልፍ ሌስላው ሥራ ሲሆን ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚያሳይ ነው። ከእነዚህ በፊትም ከእነዚህ በኋላም በብዙ ደብተሮች የተገለበጠው ግን በግራ አንድ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አንድ አማርኛ የያዘው የቃላት ሰንጠረዥ ነው። ልጁን ያሳሳተው ያ ሰንጠረዥ ነው፤ ቅጣቱን የተቀበለው ግን ልጁ ነው።

ሐርጌሳ በ1980 ዓ.ም. በጦርነቱ በቦምብ ፈርሳ፣ ሕዝቧ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ፣ በ1983 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ራሱን የቻለ መንግሥት ነኝ ብሎ ካወጀ በኋላ ተመልሳ ተሠርታለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ትምህርታቸውን የሚማሩት፣ ልክ እንደ ጅግጅጋዎቹ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ማታ በጅግጅጋ ያር ሰፈር አንድ ልጅ የእንግሊዝን የእግር ኳስ ግጥሚያ ተመልክቶ ለጓደኛው በሶማልኛ «ካ ባዲየይ» ይለዋል፤ በትልቂቱ ጅግጅጋም በአማርኛ የሚያወራው እኩያው ያንኑ ግጥሚያ አይቶ «አሸነፈው» ይላል። ከእረፍታቸው በኋላ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ሁለቱም ያንኑ ግጥሚያ በእንግሊዝኛ ድርሰት አድርገው እንዲጽፉ ቢታዘዙ፣ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ብዕራቸውን አንሥተው የሚያመነቱበት ቦታ አንድ ነው።